«ከመደበኛ በታች 45 በመቶ» ሲባል፦ የክረምት ትንበያ ከካርታው እስከ ማሳው

በየዓመቱ ግንቦት አካባቢ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ትንበያ ይፋ ያደርጋል። በዚያው ሰሞን መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል፣ ኢክፓክ፣ መላውን የአፍሪካ ቀንድ የሚሸፍን ካርታ ያወጣል። የቀጣናው ባለሙያዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ትንበያውን የሚያዘጋጁበት መድረክ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። ሥራው አዲስ አይደለም፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን አሁንም ጥቂት ነው።

በካርታው ላይ ለእያንዳንዱ አካባቢ ሦስት ቁጥሮች ይሰጣሉ። ለምሳሌ አንድ ወረዳ 20፣ 35 እና 45 ተሰጠው እንበል። ዝናቡ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 20 በመቶ፣ መደበኛ የመሆን ዕድሉ 35 በመቶ፣ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው ማለት ነው። ይህ ትንበያ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ሲወርድ ቁጥሮቹ በየመንገዱ ይንጠባጠባሉ። ገበሬው ጆሮ ሲደርስ የቀረው «ዘንድሮ ዝናቡ ያንሳል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዝናቡ ደህና ሆኖ ከከረመ «ሜትሮሎጂ ዋሸን» ይባላል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚሰማ የለም። ሳይንሱ በብዙ ገንዘብና ድካም ያፈራው ነገር የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹን ከነትርጉማቸው ማንበብ መልመድ አለብን።

«መደበኛ» ከሚለው ቃል እንጀምር። በተለምዶ መደበኛ ሲባል «ጥሩ» ወይም «የሚበቃ» ይመስለናል። በትንበያው ቋንቋ ግን ቃሉ የሚነግረን የደረጃ ቦታን ብቻ ነው። የአንድ አካባቢ የ30 ዓመት የክረምት ዝናብ፣ በአብዛኛው ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረደራል። ዝቅተኛዎቹ 10 ዓመታት «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኛዎቹ 10 «መደበኛ»፣ ከፍተኛዎቹ 10 «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። በእኛ ምሳሌ ወረዳ የታችኛው ድንበር 520 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው 640 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። 515 ሚሊ ሜትር የዘነበበት ክረምት «ከመደበኛ በታች» ነው፤ 300 ብቻ የዘነበበትም እንዲሁ «ከመደበኛ በታች» ነው። የመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ሊያበቃ ይችላል፤ ሁለተኛው እርዳታ የሚያስጠራ ነው። ትንበያው የሁለቱን ዕድል ደምሮ ነው 45 የሚለው፤ ምን ያህል በታች እንደሚሆን አይናገርም።

ቀጥሎ መነሻውን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለ መጪው ክረምት ምንም መረጃ ባይኖረን ለሦስቱም እኩል 33 በመቶ እንሰጥ ነበር። ስለዚህ 45 የሚነበበው ከ33 ጋር ተነጻጽሮ ነው፦ የመድረቅ ዕድሉ ከወትሮው በአንድ ሦስተኛ ከፍ ብሏል። ትልቅ መረጃ ነው፤ ግን 55 በመቶው አሁንም በሌላኛው ወገን ነው። 45 ተብሎ ዝናቡ ደህና ቢሆን ትንበያው አልተሳሳተም። እንዲህ ዓይነት ትንበያ የሚመዘነው በአንድ ክረምት አይደለም። 45 በመቶ የተባሉ 20 ወቅቶች ተሰብስበው ሲታዩ ወደ 9 የሚሆኑት ደርቀው ከተገኙ ትንበያው እምነት የሚጣልበት ነው። ሁሉም ደርቀው ቢገኙ እንኳ ችግር አለ፤ ትንበያው ከሚገባው በታች ፈርቷል ማለት ነውና።

ገበሬው ግን ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው የወቅቱን ድምር አይደለም። ዝናቡ መቼ ይገባል? መሃል ላይ ይቆማል ወይ? መቼ ይወጣል? ብሎ ነው የሚጠይቀው። 600 ሚሊ ሜትር ሙሉ ዘንቦ፣ ጤፉ በቅሎ ሥር ሳይዝ 12 ቀን ደርቆ ቢሆን ሰብሉ ጠፍቷል። በጥቅምትና በኅዳር ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ መጥቶ የታጨደውን ካበሰበሰውም የክረምቱ ድምር የሚጠቅመው ነገር የለም። ኢንስቲትዩቱ ከድምሩ በተጨማሪ ስለ አገባቡና አወጣጡ ትንበያ ይሰጣል፤ በየወቅቱ የሚወጣው መግለጫ ሲነበብ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ይህ ክፍል ነው።

ስለ አገባብ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ ለማንም የሚገባ ነው። በሦስት ተከታታይ ቀናት ውስጥ በድምሩ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፤ በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ ደግሞ ረጅም ደረቅ ጊዜ፣ እንደ ጥናቱ ከ8 እስከ 10 ቀን የሚደርስ፣ አይገባም። የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ከተሟላ «የሐሰት አገባብ» ይባላል። በሰኔ መጀመሪያ አንድ ኃይለኛ ዝናብ አይቶ ዘሩን በትኖ፣ ሁለት ሳምንት ፀሐይ የመታበት ገበሬ የደረሰበት ይኸው ነው፤ ዘሩም ጉልበቱም ሄደ፣ እንደገና ለመዝራት ዘር ተበድሮ መግዛት ሊኖርበት ነው። 20 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ በአንድ ሄክታር ላይ ሲሰላ ግን 200 ሺህ ሊትር ውኃ ነው። የሁለተኛውን ግማሽ መልስ የወቅት ትንበያ በትክክል ሊሰጥ አይችልም። የሚሰጠው የ10 ቀን ትንበያና የዕለት መረጃ ነው። ለዚህ ነው የግንቦቱ ትንበያ ብቻውን በቂ የማይሆነው፤ የግንቦቱ ምን ዓይነት ዘር ይዘጋጅ የሚለውን ይመልሳል፣ የ10 ቀኑ ደግሞ ዘሩ በየትኛው ሳምንት ይግባ የሚለውን።

ቁጥሮቹ ከየት ይመጣሉ? አብዛኛው ምልክት ከእኛ በጣም ርቆ ከሚገኝ ባሕር ነው። በመካከለኛው የፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በምድር ወገብ ላይ፣ የውኃው ገጽ ሙቀት ከወትሮው በ0.5 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ለወራት ሲቆይ ኤልኒኖ፣ በዚያው መጠን ሲቀዘቅዝ ላኒና ይባላል። ኤልኒኖ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ ደጋዎች እርጥበት የሚያመጣው የክረምት ንፋስ ሥርዓት ይዳከማል፤ የሰሜኑ፣ የምሥራቁና የመካከለኛው አገር ክረምት ወደ መድረቅ ያዘነብላል። ሁለተኛው ምልክት ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። የምዕራቡ ክፍል፣ ማለትም ወደ እኛ ያለው፣ ሞቆ በኢንዶኔዥያ በኩል ያለው ሲቀዘቅዝ፣ ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ያለው የቦረና ሀገያና የሶማሌ ደይር ዝናብ ይበረታል። ተቃራኒው ሲሆን ዝናቡ ያንሳል።

እዚህ ላይ በአገራችን የዜና አነጋገር ላይ ያለው ስህተት በግልጽ መነገር አለበት። «ኤልኒኖ ተከሰተ፣ ኢትዮጵያ ድርቅ ያሰጋታል» የሚለው አባባል ለግማሹ አገር ተገላቢጦሽ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኖ ነበር። በትግራይና በአማራ ክልል ሰሜናዊ ወረዳዎች ዝናቡ ቀርቶ ድርቅ ገባ። በዚያው ኤልኒኖ፣ የሕንድ ውቅያኖስም አብሮት ሞቆ፣ በጥቅምትና በኅዳር 2016 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ጎርፍ ሰዎችን አፈናቀለ፣ ከብት ወሰደ፣ ድልድይ ሰበረ። ከዚያ በፊት ደግሞ ላኒና ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በነገሠበት ጊዜ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አጋማሽ፣ በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። ዜና የሚሠራ ሰው «የት? በየትኛው ወቅት?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ሳይመልስ ስለ ኤልኒኖ ባይጽፍ ይሻላል።

የትንበያው አቅም በየወቅቱ አንድ ዓይነት አይደለም። የመስከረም–ታኅሣሥ ዝናብ ከባሕሮቹ ጋር ያለው ትስስር ጠንካራ ስለሆነ ትንበያው ይበረታል። የክረምቱ መካከለኛ ነው። በልግና የደቡቡ የመጋቢት–ግንቦት ዝናብ፣ ቦረና ጋና ሶማሌ ጉ የሚሉት፣ ከሁሉም አስቸጋሪ ነው። ለ2015 ዓ.ም. የጋና ወቅት የቀጣናው ትንበያ ስድስተኛውን ክሽፈት አስፈርቶ ነበር፤ መጋቢት ላይ የመጣው ግን ከባድ ዝናብና ጎርፍ ነበር። ባለሙያዎቹ ሰንፈው አይደለም። የበልግ ዝናብ በሳምንታት ውስጥ በሚመጡና በሚሄዱ የአየር ሞገዶች ይገፋል፤ እነዚህ ደግሞ ከወራት በፊት አይታዩም። የኤልኒኖ ትንበያም ቢሆን ከሚያዝያ በፊት ሲሠራ ደካማ ነው፤ ፓስፊክ በእነዚያ ወራት አቅጣጫውን ሊቀይር ይችላል። በየካቲት ስለ ክረምቱ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ሰው ካለ አለመስማት ነው። የሰኔው እርማት ከግንቦቱ፣ የግንቦቱ ከመጋቢቱ ይሻላል፤ ትንበያን አንድ ጊዜ ሰምቶ መተው ትክክል የማይሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ረጅሙ ጊዜ እንሂድ። በኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጨምሯል፤ በ10 ዓመት ወደ 0.28 ዲግሪ ማለት ነው። ሙቀቱ በዚያ አላበቃም፤ በዓለም ደረጃ 2024 እ.ኤ.አ. እስካሁን ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ነበር። ስለ ሙቀት ሁሉም ጥናት አንድ ቃል ነው። ስለ ዝናብ ግን እንደዚያ አይደለም። የክረምት ድምር ከዓመት ዓመት በጣም ስለሚዋዥቅ በአገር ደረጃ የሚታይ አንድ ወጥ አዝማሚያ የለውም። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ የመጋቢት–ግንቦት ዝናብ ግን ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ደጋግሞ ሲከሽፍ ታይቷል። የሚገርመው፣ የአየር ንብረት ሞዴሎች ወደፊት በምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ይጨምራል ይላሉ። ልኬቱ ቀነሰ ይላል፣ ሞዴሉ ይጨምራል ይላል። ተመራማሪዎች ይህንን «የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ» ይሉታል። አንዳንዶቹ ሞዴሎቹ የፓስፊክን አሞቃቅ በትክክል እንዳልያዙት ያምናሉ፤ ሌሎች ደግሞ መቀነሱ ጊዜያዊ ውዥቀት ሊሆን ይችላል ይላሉ። አልተቋጨም። ለሕዝብ ሲቀርብም እንዳልተቋጨ ሆኖ ነው መቅረብ ያለበት።

የተቋጨው ነገር ሙቀት ዝናቡን ምን እንደሚያደርገው ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ሊሸከም የሚችለው ተን በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የጠማው አየር ከአፈር፣ ከኩሬና ከቅጠል የበለጠ ውኃ ይመጥጣል፤ ሲዘንብም በአንድ ጊዜ የሚወርደው ይበዛል። ስለ አምስቱ የከሸፉ ወቅቶች በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የወጣ የዓለም የአየር ሁኔታ ክስተቶች መርማሪ ቡድን ጥናት ደቡብ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያንና ምሥራቅ ኬንያን አይቶ፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ድርቁን ወደ 100 ጊዜ የሚጠጋ ይበልጥ የመከሰት ዕድል እንደሰጠው ደምድሟል። ዋናው ምክንያት የዝናቡ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ትነቱ ነው። ዓለም በ1.2 ዲግሪ ቀዝቃዛ ብትሆን ኖሮ ያው ዝቅተኛ ዝናብ ወደዚያ ዓይነት ድርቅ ባላደረሰ ነበር። ስለዚህ የአባቶች «ይህን ያህል ከዘነበ ይበቃል» የሚለው ልክ ዛሬ በዚያው ማሳ ላይ ላይበቃ ይችላል። ትንበያው «መደበኛ» ሲል ሙቀቱ «ከመደበኛ በላይ» ከሆነ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥያቄው «ታዲያ ምን ላድርግ?» ነው። መልሱን የሚሰጥ ቀላል ስሌት አለ። አንድ ገበሬ ረጅም ጊዜ የሚወስደውን የአካባቢ ማሽላ ትቶ ቶሎ የሚደርስ ዘር ቢዘራ፣ እንደ መልካም ማሽላ፣ መልካሳ በቆሎ ወይም ቦሰት ጤፍ ያለ፣ ዓመቱ ጥሩም ይሁን ደረቅ 4,000 ብር ያስወጣዋል እንበል። ዓመቱ ቢደርቅ ደግሞ ይኸው ዘር የ10,000 ብር ኪሳራ ያድነዋል። 4,000 ለ10,000 ሲካፈል 40 በመቶ ነው። የመድረቁ ዕድል ከ40 በላይ ከሆነ ቶሎ የሚደርሰውን ይዝራ፤ ከ40 በታች ከሆነ የተለመደውን። 45 በተባለባቸው 10 ዓመታት ይህን ቢያደርግ በየዓመቱ 4,000፣ በድምሩ 40,000 ብር ያወጣል፤ በአማካይ አራት ተኩል ዓመት ስለሚደርቅ 45,000 ብር ያድናል። ትርፉ 5,000 ብር ነው። ልብ በሉ፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ዓመታት «ባልሰማሁ ኖሮ» ይላል፤ ያም ሆኖ በድምሩ አትርፏል። ስሌቱ ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል። ሁለት በሬና የዳበረ ጎተራ ያለው ሰው ድንበሩ 50 ሊሆን ይችላል፤ አንድ ዓመት ከከሸፈ በሬውን የሚሸጠው ሰው ደግሞ በ30ም ቢሆን መጠንቀቅ ያዋጣዋል፤ በሬ ከተሸጠ የሚቀጥለውም ዓመት ይከሽፋልና። «ዝናቡ ያንሳል» የሚለው አንድ ቃል ለሁለቱም አይሆንም፤ 45 የሚለው ቁጥር ግን ለሁለቱም ይሆናል። የልማት ሠራተኛው ቁጥሩን እንዳለ ይዞ ቢወርድ ውሳኔውን ገበሬው ራሱ ይሠራዋል። ዕድል ማስላት ለገበሬ ይከብዳል የሚለው ሰበብ ትክክል አይደለም፤ ዘር መድቦ ሁለት ዓይነት ሰብል በአንድ ዓመት የሚዘራ ሰው ከማንም በላይ በዕድል የሚያስብ ሰው ነው።

የወቅት ትንበያ የማይነካው ሌላ ነገር የአንድ ሌሊት አደጋ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገደል፣ ያ ሁሉ ውኃ የወረደው ከከተማው በላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነው። በቆላው ከተማ የተኛ ሰው ሰማዩን አይቶ ሊያውቅ አይችልም ነበር። የሚያድነው ደጋው ላይ የተተከለ፣ በየደቂቃው የሚልክ የዝናብ መለኪያ፣ ወንዙ ላይ ያለ የከፍታ መለኪያ፣ ከሁለቱ መልእክት ተቀብሎ ሳይረን የሚያስጮህ ሰው ነው። ዋቢ ሸበሌ ላይ ጎዴና ቀላፎም እንዲሁ ናቸው፤ ውኃው ከባሌና ከሐረርጌ ተነሥቶ እስኪደርስ ቀናት ስለሚፈጅ የማስጠንቀቂያው ጊዜ እንኳ ሰፊ ነው።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በልኬት ላይ ነው፤ ልኬት ደግሞ ተሰባሪ ነው። ፓስፊክ ላይ ወደ 70 የሚጠጉ መልሕቅ የተጣለላቸው ተንሳፋፊ መለኪያዎች ነበሩ። ከ2012 እ.ኤ.አ. በኋላ ለጥገና የምትሄደው መርከብ በበጀት ምክንያት ስትቆም፣ በ2014 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከአሜሪካው ክፍል የሚደርሰው መረጃ ወደ 40 በመቶ ወርዶ ነበር። ለዋግ ኽምራ ገበሬ የሚነገረው ትንበያ ፓስፊክ ላይ በምትመላለስ አንዲት መርከብ ነዳጅ ይወሰናል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ከኢትዮጵያ ረሃብ በኋላ በ1985 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ፣ ፊውስ ኔት፣ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲቆም ድረ ገጹ ጠፍቶ ለወራት ከርሟል። በአገር ውስጥም በጦርነት ሳቢያ መለካት ያቆሙ ጣቢያዎች ነበሩ። ሳተላይት ክፍተቱን ይሞላል፤ ነገር ግን ሳተላይት በአብዛኛው የሚያየው ደመናን ነው፤ ምን ያህል እንደዘነበ የሚታረመው መሬት ላይ ባለ መለኪያ ነው። ተራራማ አገር ላይ፣ በአንድ ሸንተረር ሁለት ወገን ዝናቡ በሚለያይበት፣ መለኪያ ሲጠፋ ስህተቱ ይሰፋል።

መለኪያ ደግሞ ማንም ትምህርት ቤት ሊሠራው ይችላል። ጎኑ ለስላሳና ቀጥ ያለ የ2 ሊትር ሃይላንድ ይወሰድና መጥበብ ከመጀመሩ በፊት፣ ሙሉ ስፋቱ ላይ፣ በመቀስ ይቆረጣል። የተቆረጠው አናት ክዳኑ ወልቆ፣ ተገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ በዕቃው ውስጥ ይገባል፤ ይህ ትነትን ይቀንሳል። የዕቃው ቂጥ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ይጨመርበታል፣ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውኃ ይሞላል፣ እዚያ ላይ መስመር ይሰመራል፤ ዜሮ እሱ ነው። ማስመሪያው ዜሮው ከመስመሩ ጋር ገጥሞ ይለጠፋል። የአፉና የሆዱ ስፋት እኩል ስለሆነ በማስመሪያው 1 ሚሊ ሜትር ማለት በማሳው ላይ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ በካሬ ሜትር 1 ሊትር። አፉ ሰፊ፣ ሆዱ ጠባብ የሆነ ዕቃ ከተጠቀሙ ቁጥሩ ይጋነናል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው በአጣና ላይ በአንድ ሜትር ከፍታ፣ ዝንፍ ሳይል ቀጥ ብሎ ይታሰራል። ከዛፍ ወይም ከቤት የሚርቀው ቢያንስ በቁመቱ እጥፍ ነው፤ 6 ሜትር ባሕር ዛፍ ካለ 12 ሜትር። ከቆርቆሮ ጠርዝ አጠገብ የተተከለ መለኪያ የጣራውን ፍሳሽ ነው የሚለካው።

በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ዓይን ከውኃው ገጽ እኩል ዝቅ ብሎ፣ የውኃው ጎድጓዳ ታች ይነበባል። ከዚያ እስከ ዜሮው መስመር ይደፋል፤ በደረቅ ቀን ውኃው ከመስመሩ ከወረደ ይሞላል። በረዶ ከገባ እስኪቀልጥ ይጠበቃል። ደብተሩ ላይ ቀን፣ ሚሊ ሜትር፣ የአንባቢው ፊርማ። ዝናብ ካልነበረ 0 ይጻፋል፤ ያልተለካበት ቀን ሰረዝ ይደረግበታል። እሑድ ተዘሎ ሰኞ ከተነበበ «የሁለት ቀን ድምር» ይባላል፤ ለሁለት አይከፈልም። 0 እና ሰረዝ ከተደባለቁ ከ30 ዓመት በኋላ ያንን ደብተር የሚያነብ ሰው ያልተለካውን ሳምንት ደርቆ ነበር ብሎ ይመዘግባል።